ከአዋሽ የተላከ ብልቃጥ

የባዮፕሲ መጠየቂያ ወረቀት ላይ «አድራሻ» የሚለው ቦታ ብዙ ጊዜ «አዲስ አበባ» ተብሎ ይሞላል። ሕመምተኛው ያረፈበት የዘመድ ቤት እዚያ ነው፤ የተመዘገበው ስልክም የዘመዱ ነው። ለሌላ ናሙና ይህ ብዙም ላይጎዳ ይችላል፤ ለሽንት ፊኛ ግን ይጎዳል። በአፋር ቆላ አሚባራ ያደገና በደጋው ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ከፊኛቸው የተቆረጠው ሥጋ በማይክሮስኮፕ ሥር ቢመሳሰልም እኔ ፓቶሎጂስቱ እኩል አላነበውም። የመጀመሪያው በልጅነቱ የገባበት ውኃ ውስጥ ምን እንደነበረ ማሰብ አለብኝ። «ልጅ ሆነህ የት ነበር የምትዋኘው? ከብት የት ነበር የምታጠጣው?» የሚሉት ጥያቄዎች ቅጹ ላይ የሉም። ላኪው ሐኪም በእጁ ቢጽፋቸው አንድ መስመር አይሞሉም፤ ለእኔ ግን ከጾታና ከካርድ ቁጥር ይበልጡብኛል።

ጥያቄው አፋር ለተወለደ ብቻ አይደለም። ለጥጥ ለቀማ ከደጋው ወደ አሚባራና ወደ ተንዳሆ ወርዶ፣ ጥቂት ወቅት ሠርቶ ወደ ቀዬው የተመለሰ ሰው ዛሬ ሽማግሌ ነው። ደም ሸንቶ ደሴ ወይም ሆሳዕና ቢታከም ስለዚያ ወጣትነት የሚጠይቀው የለም።

*

አዋሽ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው። ከጊንጪ በላይ ካለው ደጋ ተነሥቶ፣ ቆቃን አልፎ፣ የወንጂንና የመተሐራን ሸንኮራ አጠጥቶ አፋር ይገባል፤ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። በዚህ አንድ ወንዝ ላይ ሁለት ዓይነት ቢልሃርዝያ፣ ከውኃ የሚይዝ የትል በሽታ፣ ሰፍሯል። በላይኛው ሸለቆ፣ በወንጂና በመተሐራ፣ የሚታወቀው የአንጀቱ ነው። በመካከለኛውና በታችኛው ሸለቆ ደግሞ የፊኛው አለ። የሚለያቸው ቀንድ አውጣው ነው። የፊኛውን ጥገኛ ትል የሚያሳድገው ቡሊነስ አቢሲኒከስ የተባለው ቀንድ አውጣ የቆላውን ረግረግ፣ ሣርና ቄጠማ የበዛበትን የረጋ ውኃ ይወዳል። በአሚባራ የሐሶባ አካባቢ በዚህ በሽታ ስሙ ደጋግሞ የሚነሣው ለዚህ ነው።

አገራችን ውስጥ የፊኛ ቢልሃርዝያ የሚታወቅባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፦ የአዋሽ ሸለቆ፣ የዋቤ ሸበሌ ሸለቆ፣ ሱዳን ጠረፍ ላይ ያለው ኩርሙክ። ጥቂት መሆናቸው ደግ ነው። ችግሩ፣ ደጋ ላይ የሚማር ሐኪም የአንጀቱን ቢልሃርዝያ ሲያክም ኖሮ የፊኛውን አንድም ጊዜ ሳያይ ሊመረቅ መቻሉ ነው።

*

ትሎቹ የሚኖሩት ፊኛን በከበቡ ደም መላሽ ሥሮች ውስጥ ነው፤ ወንዱ ሴቲቱን አቅፎ ለዓመታት ይኖራል። ሴቲቱ የምትጥለው እንቁላል ጫፉ ላይ እሾህ አለው። ከፊሉ የፊኛን ግድግዳ ሰንጥቆ ከሽንት ጋር ይወጣል፤ ደም የሚያስሸናውም እሱ ነው። የቀረው ግድግዳው ውስጥ ይቀበራል። የሰውነት መከላከያ ይከብበዋል፣ ጠባሳ ይሠራበታል፣ ቆይቶ እንቁላሉ ኖራ ለብሶ ይደርቃል። ዩሮሎጂስቱ ወደ ፊኛ በሚገባው መመልከቻ፣ በሲስቶስኮፕ፣ ሲያይ የፊኛው ውስጥ አሸዋ የተበተነበት ይመስለዋል።

ትሉ ይሞታል፤ የደረቀው እንቁላል ግን ከሰውየው ጋር ይኖራል። ስለዚህ የ45 ዓመት ሰው ሽንት ተጣርቶ «እንቁላል አልተገኘም» መባሉ ፊኛው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ሽንቱ የሚናገረው ስለ ዛሬ ነው። የልጅነቱን የሚናገረው ሥጋው ነው።

*

ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ትሉን ካይሮ ላይ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ፈርጉሰን የተባለ ተመራማሪ እዚያው ግብፅ ውስጥ በሽታውን ከፊኛ ካንሰር ጋር አያይዞ የጻፈው በ1911 ነው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ትሉን ካንሰር አምጪ መሆናቸው በተረጋገጠ ነገሮች ምድብ፣ በምድብ 1፣ የመዘገበው በ1994 ነው። ከፈርጉሰን እስከ ኤጀንሲው 83 ዓመት አለፈ። በሲጋራ የሚመጣ ካንሰር ሀብታሙንም ስለሚነካ ጠያቂ አያጣም። ረግረግ ውስጥ ከብት የሚያጠጣ ልጅ ግን በሽታው ከ30 ዓመት በኋላ ሲመጣበት ምክንያቱን የሚያስታውስለት የለም።

*

ስለ ፊኛ ካንሰር ምደባ ልናገር፤ የዚህ ማስታወሻ ሥር እሱ ነውና።

ፊኛን ከውስጥ የሚሸፍነው ኤፒተልየም ጥቂት ንብርብር ያለው ነው። ፊኛው ሲሞላ ይለጠጣል፣ ሲጎድል ይሰበሰባል። ካንሰር ከመሆኑ በፊት ያለው ለውጥ በሁለት መንገድ ይታያል። አንዱ እንደ ጣት እየወጣ ወደ ውስጥ የሚያድገው ነው፤ ፓፒላሪ እንለዋለን። ሌላው ዝርግ ሆኖ በቦታው የሚለወጠው ነው። ፓፒላሪው በሲስቶስኮፕ ይታያል፣ ይቆረጣል፣ ይመጣል። አደገኛው ብዙ ጊዜ ዝርጉ ነው፤ ለዓይን ቀላ ያለ ሰሌዳ ብቻ ሊሆን ይችላልና፣ ከዚያም አልፎ ምንም ላይታይ ይችላል።

ዝርጉን በደረጃ እናስቀምጠዋለን። ሕዋሳቱ የበዙት በቁስለትና በብግነት ብቻ ከሆነ መልስ ሰጪ ለውጥ ነው፤ ካንሰር ጠሪ አይደለም። አወቃቀራቸው መፋለስ ጀምሮ ግን ካንሰር ለማለት የማያበቃ ከሆነ ዲስፕላዥያ እንላለን። ኒውክሊየሶቹ አብጠው፣ ጠቁረው፣ አቅጣጫቸውን ስተው ከተገኙ ካርሲኖማ ኢን ሲቱ ነው፤ ማለትም ድንበሩን ያልጣሰ ካንሰር። የተለመደው መለኪያ ሊምፎሳይት የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ ነው። ጤናማው ኒውክሊየስ የሊምፎሳይትን ሁለት እጥፍ ያህላል፤ የካርሲኖማ ኢን ሲቱው አምስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ለውጡ ከታች እስከ ላይ ንብርብሩን ሁሉ እስኪይዝ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ይህን የማያውቅ ሰው የሚስተው ብዙ ነው። ካርሲኖማ ኢን ሲቱ ከትርጉሙ ከፍተኛ ደረጃ ነው፤ «ዝቅተኛ ደረጃ» የሚባል የለውም። ካልታከመ ከግማሽ በላዩ ወደ ጡንቻ እንደሚዘልቅ ይነገራል።

ይህ ስርዓት ዛሬ ያለውን መልክ የያዘው ከ1998ቱ የፓቶሎጂስቶች ስምምነት በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መጽሐፍ በ2004፣ ከዚያ በ2016፣ ከዚያም በ2022 አሻሻለው። ከዚያ በፊት የ1973ቱ የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ደረጃ ስርዓት ነበር፤ እስከ ዛሬም ሁለቱን ጎን ለጎን የሚጽፍ አለ። ለውጡ ጠቅሟል። «ደረጃ አንድ ካንሰር» ይባል ከነበረው ውስጥ ከድንበሩ እምብዛም የማያልፈው ፓፒላሪ እብጠት ከካንሰር ስም ነጻ ወጣ። በ45 ዓመቱ «ካንሰር አለብህ» የተባለና ያልተባለ ሰው ሕይወት አንድ አይደለም።

ግን ልብ በሉ፦ ይህ ሁሉ የተሠራው በአብዛኛው ከሲጋራና ከፋብሪካ ኬሚካል በሚመጣው የፊኛ በሽታ ላይ ነው። የፊኛው የራሱ ሕዋስ፣ ዩሮቴልየሙ፣ ራሱን ሳይለውጥ የሚታመምበት መንገድ ነው። በቢልሃርዝያ የተበላ ፊኛ ሌላ መንገድ ይይዛል። ሽፋኑ እንደ ቆዳ ይሆናል፤ ስኳመስ ሜታፕላዥያ እንለዋለን። ኬራቲን ማውጣት ሲጀምር ነጭ ሰሌዳ ሆኖ ይታያል። በዚያ ላይ ዲስፕላዥያ ይነሣል፣ ከዚያም የስኳመስ ካርሲኖማ ኢን ሲቱ፣ ከዚያም ስኳመስ ካንሰር። በመጽሐፉ ይህ መንገድ አጭር ቦታ ነው ያለው። አሚባራ ላይ ግን የመጀመሪያው ገጽ መሆን ያለበት እሱ ነው።

ይህን በቀናነት እላለሁ፤ መጽሐፉን አልነቅፍም። የኛ ሥራ የመጽሐፉን ረጅም ምዕራፍ መድገም ሳይሆን አጭሩን ምዕራፍ በእጃችን ባለው ስላይድ ማስረዘም ነው።

*

ኬራቲን የሌለው ስኳመስ ሽፋን በሴቶች የፊኛ መግቢያ አካባቢ ሲገኝ ጤናማ ነው። «ሜታፕላዥያ» ብቻ ብሎ ሪፖርት ማድረግ ስለዚህ ሴቲቱን በከንቱ ያስደነግጣል። ኬራቲን አለ ወይስ የለም? ምን ያህል ቦታ ይዟል? ከሥሩ እንቁላል አለ? እነዚህ ሦስቱ ካልተጻፉ ያ አንድ ቃል ለላኪው ሐኪም ምንም አይነግረውም።

*

ቢልሃርዝያ ያለበት ፊኛ ብግነት የሞላበት ነው፤ ፓቶሎጂስትን የሚያሳስተው ይሄ ነው። በብግነት መካከል ያለ ሕዋስ ያብጣል፣ ይከፋፈላል፣ ኒውክሊየሱ ውስጥ ጉልህ ነጥብ ያወጣል። አስደንጋጭ ይመስላል። ነገር ግን ሕዋሳቱ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ፤ ሁሉም በአንድ ልክ ያበጡ ናቸው። በካርሲኖማ ኢን ሲቱ ደግሞ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ጠማማ ነው። ልዩነቱ በቃል ቀላል ነው፤ በስላይድ ላይ ግን ልምድ ያላቸው ሁለት ፓቶሎጂስቶች አንድ ዲስፕላዥያ ላይ ሳይስማሙ ይቀራሉ። ዲስፕላዥያ ከምድቦቹ ሁሉ ስምምነት የማይገኝበት ነው።

ስሕተቱ በሁለቱም በኩል ውድ ነው። ካንሰር ያልሆነውን ካንሰር ያልነው እንደሆነ የሰውየው ፊኛ ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል። ሽንቱ ከአንጀቱ በተሠራ ቧንቧ ሆዱ ላይ በተለጠፈ ከረጢት ሲሰበሰብ ይኖራል። 40 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ከግመሉ ጋር የሚጓዝ፣ ለሶላት ንጽሕናውን የሚጠብቅ ሰው ከረጢቱን የት ያጥባል? መተኪያውንስ ከየት ይገዛል? ካንሰሩን ብግነት ያልነው እንደሆነ ደግሞ የሚመለሰው ጡንቻውን ከጣሰ በኋላ ነው።

እርግጠኛ ካልሆንኩ «አሁን አልወስንም፤ ለቢልሃርዝያው ይታከም፣ ብግነቱ ሲሰክን ናሙና ይደገም» ብዬ መጻፍ አለብኝ። ይህን የሚጽፍ ሁሉ አፋር ያለችው ሰመራ ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ ማሰብ አለበት። «ይደገም» ከሰመራ ሲታይ የአውቶቡስ ገንዘብ፣ የማረፊያ፣ የአስታማሚ፣ የሚሸጥ ፍየል ነው። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያልተለወጠ አቋም አለኝ፦ ርቀቱ አስጨንቆኝ ግምቴን እንደ ውሳኔ መጻፍ የለብኝም። የሚሻለው መቼ እንደሚደገም፣ ምን እንደሚፈለግበት፣ እስከዚያ ምን እንደሚሰጠው በግልጽ ጽፎ ሰውየው አንድ ጊዜ ብቻ እንዲመለስ ማድረግ ነው።

*

የቀለም ጉዳይ። እንቁላሉ ስላይድ ላይ ሲቆረጥ እሾሁ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ቢላዋው በየት እንዳለፈ ይወስናል። የፊኛው ቢልሃርዝያ እሾህ ጫፉ ላይ፣ የአንጀቱ ደግሞ ጎኑ ላይ ነው። እሾሁ ካልታየ ለሳንባ ነቀርሳ የምንጠቀምበት የዚል ኒልሰን ቀለም ይረዳል። የአንጀቱ ቢልሃርዝያ እንቁላል ቅርፊት ቀዩን ቀለም ይይዛል፤ የፊኛው አይይዝም። ሁለቱም በአንድ ወንዝ ላይ ለሚኖሩበት አገር ይህ ትልቅ መሣሪያ ነው። ቀለሙ ደግሞ ውድ ማሽን አይጠይቅም፤ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ባለበት ብዙ ጤና ጣቢያ ይገኛል። ካንሰሩን ከብግነት ለመለየት የሚረዱት ሲኬ20 እና ፒ53 የተባሉት ቀለሞች ብዙ ቦታ የሉም። ያለውን መጠቀም ግን በእጃችን ነው።

*

ከፊኛ የተፋቀ ሥጋ ሲመጣ ሪፖርቱ ላይ አለመጻፉ የማይፈቀድ ነገር አለ፦ ጡንቻ አለበት ወይስ የለበትም። ጡንቻ የሌለበት ናሙና ላይ «ካንሰሩ ጡንቻ አልገባም» ማለት አንባቢን ማሳሳት ነው፤ ያልተላከ ነገር ስላልታየ እንጂ ስለሌለ አይደለም። ትክክለኛው አጻጻፍ «ናሙናው ውስጥ ጡንቻ የለም» ነው። ያኔ ዩሮሎጂስቱ መልሶ መፋቅ እንዳለበት ያውቃል።

*

ሙቀቱን ሳስብ ብልቃጡ ያሳስበኛል። ሥጋ ከሰውነት ከወጣ ጀምሮ መበስበስ ይጀምራል፤ የሚያቆመው ፎርማሊን ነው፤ ያም አሥር በመቶ የሆነ፣ በፈር የተጨመረበት፣ ከሥጋው አሥር እጥፍ የሚሆን። የአዋሽ ከተማ ወይም የሰመራ ቀትር ላይ በጨው ውኃ ተነክሮ በላስቲክ የተቋጠረ ናሙና መንገድ ላይ ያልቃል። የብልቃጡ አፍ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ሥጋው ከደረቀ በኋላ አይወጣም። አስታማሚው ብልቃጡን በፌስታል አንጠልጥሎ፣ በአይሱዙ ወይም በሕዝብ ማመላለሻ፣ ሚሌን፣ ገዋኔን፣ አዋሽን እያለፈ ይመጣል። የቤተሰቡ ተስፋ በእጁ ነው፤ እንደ ዕንቁላል ይዞት ይመጣል። ላኪው ሐኪም ሰዓቱንና የፎርማሊኑን ዓይነት ክዳኑ ላይ ቢጽፍ፣ እኔ «ሕዋሱ የተለወጠው በበሽታ ነው ወይስ በመበስበስ?» የሚለውን አልገምትም።

ለሳይቶሎጂ የሚላክ ሽንት ደግሞ ከሥጋም ይብሳል። ሽንት ውስጥ የተንሳፈፈ ሕዋስ በሙቀት በሰዓታት ይፈርሳል። እዚያው ከሚወሰድበት ቦታ በእኩል መጠን አልኮል ቢደረግበት ይተርፋል። በ2016 የወጣው የፓሪስ ስርዓት የሽንት ሳይቶሎጂን በዋናነት ከፍተኛ ደረጃውን ካንሰር ለመያዝ አቀናው። ዝቅተኛውን በሽንት መያዝ ቀድሞም የሚያስተማምን አልነበረም፤ መተዉ ትክክል ነበር። አዋሽ ላይ ግን ሽንቱን የሚያነብ ሰው ሌላም ነገር ይፈልግ፦ ኬራቲን ያወጡ፣ ብርቱካናማ ቀለም የያዙ፣ ቅርጻቸው የተዛባ ስኳመስ ሕዋሳት።

*

አፋር ዳጉ አለው። ሁለት ሰዎች በረሃ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ለየብቻ ይነጋገራሉ፤ ያዩትን «አየሁ»፣ የሰሙትን «ሰማሁ» ብለው። የሐሰት ዳጉ ማቀበል ነውር ነው፤ በዚያ ወሬ ላይ ሰው ከብቱን ይዞ ይንቀሳቀሳልና። እኔ የምመኘው የፓቶሎጂ ሪፖርት እንዲህ ዓይነት ነው። ያየሁት በአንድ በኩል፦ ኬራቲን፣ እንቁላል፣ ኒውክሊየስ፣ ጡንቻ። ያሰብኩት በሌላ በኩል፦ ምናልባት፣ በእርግጥ፣ አልወስንም። ሪፖርቱ የሚደርሰው ዱብቲ ሆስፒታል ለተመደበ ጠቅላላ ሐኪም ሊሆን ይችላል። እሱ በዚያ ወረቀት ላይ ተመሥርቶ ሰው ይልካል ወይም ያስቀራል።

*

ሁሉን ነገር በትል ማሳበብም ልክ አይደለም። አዋሽ ሰባት ኪሎ በባቡር የተቆረቆረች፣ በጅቡቲ መንገድ የምትኖር ከተማ ናት። የከባድ መኪና ሾፌሮች ሲያልፉ፣ ሲያድሩ፣ ሲያጨሱ የኖሩባት ናት። ከሾፌር ፊኛ የመጣ ፓፒላሪ እብጠት ሁሉ የቢልሃርዝያ ተብሎ ቢተረጎም ሌላ ስሕተት ነው። ሲጋራ በዓለም ላይ ቀዳሚው የፊኛ ካንሰር መንስኤ ነው። ሁለቱ ሊገናኙም ይችላሉ፤ እንቁላል ያለበት ፊኛ ላይ የሲጋራው ዓይነት ካንሰር አይወጣም ያለ የለም። ግብፅ ውስጥ ቢልሃርዝያው እየተመታ ሲሄድ የስኳመሱ ካንሰር እየቀነሰ የዩሮቴልየሙ ድርሻ እየጨመረ መጣ። ከተሳካልን በአዋሽም እንደዚያ ይሆናል።

ልዩነቱ ለሕክምናው ይፈለጋል። ለዩሮቴልየም ካርሲኖማ ኢን ሲቱ ፊኛ ውስጥ የሚፈስ ቢሲጂ አለ፤ ለሳንባ ነቀርሳ ክትባት ከሚውለው ባክቴሪያ የሚሠራ ሲሆን፣ ካናዳ ውስጥ ሞራሌስ የተባለ ሐኪም በ1976 ያሳወቀው ነው። ለስኳመሱ ግን ይህ ሕክምና አይደለም። ሁለቱን ሳይለይ «ካርሲኖማ ኢን ሲቱ» ብቻ የሚል ሪፖርት ሰውየውን ወደማይጠቅመው መድኃኒት ሊመራው ይችላል።

*

ስለ ሴቶች ዝምታው ይበዛል። እንቁላሉ በማኅፀን ጫፍና በብልት ግድግዳም ይቀበራል። ደሟን ያየች ሴት የወር አበባ መስሏት ታልፈዋለች፤ ጤና ተቋም ብትሄድም የአባላዘር በሽታ ተብላ ልትታከም ትችላለች። ከአፋር ቆላ የመጣ የማኅፀን ጫፍ ናሙና ላይ አሸዋ የመሰለ ጠባሳ ያየ ፓቶሎጂስት ዝም ብሎ ማለፍ የለበትም።

*

ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ወራጅ ሥር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይቶ ነበር። ያ ትዝብት ዓለም አቀፍ ምርምር ሆነ፤ በ1989 እሱና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተሸለሙ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩቱን በስሙ ሰየመ። ከእሱ የምወስደው በመጀመሪያ እንዶዱን አይደለም። ወንዝ ዳር ቆሞ ያየውን መዝግቦ ላቦራቶሪ ማድረሱን ነው። የእኛ ሥራ መንገዱ ተቃራኒ ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ የታየውን ወንዝ ዳር ማድረስ።

ስለዚህ አንድ ነገር ሪፖርቱ ላይ እንዲጨመር እፈልጋለሁ። ስላይዱ ላይ የቢልሃርዝያ እንቁላል ከታየ፣ ካንሰር ኖረም አልኖረም፣ መጨረሻው ላይ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት እንዲነገር የሚል መስመር ይኑር። ሰውየው የገባበት ውኃ ውስጥ ዛሬ ልጆቹ ናቸው። ፕራዚኳንቴል አዋቂውን ትል እንጂ የተቀበረውን እንቁላል አያጠፋም፤ ስለዚህ ለአባትየው ጠባሳ ብዙ ላይጠቅም ይችላል። ለልጁ ግን ጊዜው ነው። በኪሎ 40 ሚሊግራም ይሰጣል፤ ሚዛን በሌለበት ቀበሌ ልጁን ምልክት ከተደረገበት ዘንግ ሥር አቁሞ በቁመቱ ልክ ስንት ፍሬ እንደሚውጥ ማንበብ ይቻላል።